በሰሜን ሸዋ ቤት ለምትጀምሩ፦ ከመጀመሪያው ብሎኬት በፊት ምን ከምን ይሻላል?

ቦታው ተገኝቷል፣ ካርታው ወጥቷል፣ ትንሽ ብርም ተጠራቅሟል። ከዚህ ወዲያ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሴራሚክ፣ ስለ ጂፕሰምና ስለ ኪችን ካቢኔት ነው። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን ይቆይ። ሴራሚኩ ካልጣማችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ ነቅላችሁ ሌላ ታስነጥፋላችሁ። መሠረቱ ግን አንዴ ከተቀበረ ተቀበረ። ከግንበኛው ጋር በቃል ብቻ የተያዘ ውልም እንዲሁ ነው፣ ቁፋሮ ከተጀመረ ወዲያ እናስተካክለው ማለት ጠብ መጥራት ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ከመጀመሪያው ብሎኬት በፊት የሚወሰኑትን ነገሮች ብቻ ነው። አፈሩን፣ ፕላኑን፣ መሠረቱን፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ ውሉንና ወቅቱን።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የነገራችሁን ወይም ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ምክር እንዳለ አትውሰዱት። ሰሜን ሸዋ ራሱ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳ ቆላ ውስጥ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ጋ የሚያስቸግረው ውርጭ ነው፣ ሌላው ጋ ሙቀትና ምስጥ። አንዱ ጋ ጥቁር አፈር፣ ሌላው ጋ ወንዝ ያመጣው ደለል።

መጀመሪያ አፈሩ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ጫጫ፣ ደነባ፣ እነዋሪ፣ ሜዳው ላይ ቦታ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መረሬ፣ ማለትም የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ነው። ለስንዴና ለጤፍ በረከት የሆነ አፈር ነው። ለቤት ግን ፈተና ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጥር ላይ ማሳ ውስጥ ገብታችሁ ስንጥቁን ብታዩት እጅ ያስገባል። ያ እንቅስቃሴ በየዓመቱ ቤቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ አንዱን ጥግ ከሌላው አብልጦ ስለሚያነሳውም ግድግዳው አይችለውም። ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ያለበት ቤት በሰፈራችሁ ካለ፣ ባለቤቱን ጠጋ ብላችሁ መሠረቱን እንዴት እንዳሠራው ጠይቁት። ብዙ ትማራላችሁ።

መሃል ሜዳና ሞላሌ በኩል፣ መንዝ ውስጥ ማለት ነው፣ በብዙ ቦታ አለቱ ቶሎ ይገኛል። ቁፋሮው ያደክማል፣ በድጅኖ ነው የሚሠራው፣ ግን ጠንካራ ነገር ላይ ትቆማላችሁ። አንኮበር፣ ጣርማበርና ደብረ ሲና በኩል ጥያቄው ሌላ ነው፣ ተዳፋቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል ወይ የሚለው። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ቤት አፍርሷል፣ ብዙ ሰውም አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ቦታ ዛፎቹ ወደ ታች ዘመው ከሆነ፣ አጥሩ ወይም የእርከኑ ድንጋይ በየዓመቱ የሚጠማዘዝ ከሆነ፣ ክረምት ላይ አዲስ ምንጭ ድንገት የሚፈልቅ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢረክስ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የትኛውም ፉቲንግ (ከምሰሶ ሥር የሚቀበር የኮንክሪት መሠረት) የሚንሸራተት ተራራ አያቆምም።

አፈሩን የማወቂያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ጉድጓድ አስቆፍሮ ማየት፣ ሁለተኛው ላቦራቶሪ የሚሠራ የአፈር ምርመራ። ፎቅ የምታስቡ ከሆነ፣ በተለይ ጂ ፕላስ ሁለት (ምድርና ከላዩ ሁለት ፎቅ) እና ከዚያ በላይ፣ ምርመራው የግድ ነው፣ ዋጋው ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትንሽ ነው። ለተራ ቪላ ግን በደንብ የታየ ጉድጓድ፣ መሐንዲሱ በአካል መጥቶ እስካየው ድረስ፣ ብዙ ይናገራል።

ጉድጓዱን እንዲህ አድርጉት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይሁን፣ እስከ ሁለት ሜትር ይውረድ፣ አንድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፣ በሰያፍ በሚተያዩት ጥጎች። አፉ ላይ አፈር አትከምሩ፣ ሰው ውስጥ እያለ እንዳይደረመስ። ከዚያ የጉድጓዱን ግድግዳ ተመልከቱ። ጥቁሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ያልቃል? ከሥሩ ቀይ ወይም ቡናማ አፈር መጣ? ጠጠር የቀላቀለ ጠንካራ ነገር አለ? ከየደረጃው አንድ እፍኝ ውሰዱና በውሃ አርሳችሁ በመዳፋችሁ መሐል አድቦልቡሉት። ሳይበጣጠስ ቀጭን ክር የሚሆን፣ አካፋው ላይ ተጣብቆ ቆፋሪውን የሚያማርር፣ በማግሥቱ ሲደርቅ ደግሞ በመዶሻ ካልሆነ የማይሰበር ከሆነ የሚያብጥ አፈር ነው ብላችሁ ያዙ።

ደግሞም ሰፈሩ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው ጠይቁ። «እትዬ፣ ይሄ ቦታ ነሐሴ ላይ ውሃ ይተኛበታል?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። «እሱማ ድሮም ረግረግ ነበር፣ ከብት እንኳ ይሰምጥ ነበር» የሚል መልስ ከመጣ ትልቅ ብር አትርፋችኋል።

የሰው ፕላን ወይስ የራስ ፕላን

ይሄኛው ብዙ አያወያይም። የጎረቤትን ፕላን ኮፒ አድርጎ ስሙን ብቻ መቀየር የተለመደ ነው፣ ርካሽም ነው። ችግሩ የጎረቤታችሁ ስትራክቸር፣ ማለትም የመሠረቱ፣ የምሰሶውና የብረቱ ልክ፣ የተሠራው ለጎረቤታችሁ አፈር መሆኑ ነው፣ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ጥቁሩ አፈር በእጥፍ ሊጠልቅ ይችላል። የክፍሎቹን አሰላለፍ ከወደዳችሁት ሐሳቡን ውሰዱ፣ ስትራክቸሩን ግን ለራሳችሁ ጉድጓድ አሠሩ።

ፕላኑ የአየሩንም ነገር መመለስ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ የጠዋት ፀሐይ ቢያገኙ ልዩነቱን ኅዳር ላይ ታዩታላችሁ። ትልልቅ መስኮት በነፋሱ በኩል ማድረግ ግን ቤቱን ማቀዝቀዝ ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጣሪያው ከፍ ይበል፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያዩ፣ በረንዳው ሰፋ ይበል፣ የምዕራቡ ግድግዳ ላይ መስኮት ይቀንስ። አንድ ዓይነት ፕላን ሁለቱም ጋ ሲሠራ ሳይ ያሳዝነኛል።

ፈቃድን በተመለከተ፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሏቸው ነበር። በዚያ አዋጅ ፎቅ ሲጨመር፣ በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀትም ከ7 ሜትር ሲያልፍ ምድቡ ይለወጥ፣ የሚጠየቀውም ሰነድ አብሮ ይጨምር ነበር። ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት ከተማችሁ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሄዳችሁ ለሰፈራችሁ የተፈቀደውን የፎቅ ብዛትና ከወሰን መራቅ ያለባችሁን ርቀት ጠይቁ። ፈቃዱ እስኪወጣ መሠረቱን እናስቆፍር የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። መስመሩ ላይ ግማሽ ሜትር ስህተት ከተገኘ የሚፈርሰው የእናንተ ነው።

ሰርቪስ ቤት ይቅደም ወይስ ዋናው?

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ እንደ ኪሱ ነው። ብዙዎች ከኋላ ሁለት ሦስት ክፍል ሰርቪስ ሠርተው ይገቡና ዋናውን ቀስ እያሉ ያስነሳሉ። ከቤት ኪራይ ትገላገላላችሁ፣ ዕቃችሁን የምታስቀምጡበት አላችሁ፣ ሥራውንም በየቀኑ ከደጃፋችሁ ታዩታላችሁ። ጉዳቱ ከገባችሁ በኋላ ዋናው ለዓመታት ሊቆም መቻሉ ነው፣ ሰው ሲመቸው ይቀመጣላ። ብሩ ከግማሽ በታች በእጃችሁ ካለ ሰርቪሱ ይቅደም እላለሁ። ግን ሁለት ነገር አደራ፦ ሰርቪሱ በፀደቀው ፕላን ላይ የተሳለ ይሁን፣ ደግሞም ሲኖትራክ ገብቶ ድንጋይና አሸዋ የሚገለብጥበትን መንገድ አይዝጋ። መንገዱ ተዘግቶ እያንዳንዱ ቢያጆ (የአንድ ጊዜ ጭነት) ከውጭ በካሪዮላ ሲገባ የሚወጣው የጉልበት ዋጋ አንድ ክፍል ይሠራል።

ብሩ ካላችሁ ደግሞ ዋናውን ጀምራችሁ መሠረቱን፣ ኮለኑን (ምሰሶውን)፣ ግድግዳውንና ቆርቆሮውን በአንድ ወቅት ጨርሱት። ጣሪያ የለበሰ ቤት መጠበቅ ይችላል። ብረቱ አየር ላይ ቆሞ ሁለት ሦስት ክረምት የሚያሳልፍ ቤት ግን ዝገቱን ይዞ ነው የሚቀጥለው።

መሠረቱ፦ ሦስት ምርጫ

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ሥር ይሄ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

የመጀመሪያው ምርጫ የድንጋይ ግንብ መሠረት ነው። ግድግዳው በሚያርፍበት መስመር ሁሉ ቦይ ይቆፈራል፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል፣ ከላዩ ግሬድ ቢም፣ ማለትም መሠረቱን የሚያያይዝ የኮንክሪት ማሰሪያ፣ ይታሰራል። ድንጋይ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ርካሹ ይሄ ነው፣ ግንበኞቻችንም ያውቁበታል። መንዝ ላይ አለቱ ቅርብ ከሆነ፣ ወይም ቦታችሁ ጠንካራ ቀይ አፈር ከሆነ፣ ለጂ ፕላስ ዜሮ ሌላ አትፈልጉ። ጥቁር አፈር ላይ ግን ብቻውን አይሆንም። የድንጋይ ግንብ ሸክም እንጂ መታጠፍ አይችልም፣ አፈሩ አንዱን ጎን ሲያነሳው መገጣጠሚያው ይከፈታል።

ሁለተኛው ፉቲንግ ነው። በየኮለኑ ሥር ጉድጓድ ይወርዳል፣ የሚያብጠውን አፈር አልፎ ጠንካራው ላይ ይቆማል፣ ከላይ ኮለኖቹ በግሬድ ቢም ይያያዛሉ። ብረትና ሲሚንቶ ስለሚበላ ውድ ነው። ጥቁር አፈር ላይ ግን የቤቱን ሸክም ከሚንቀሳቀሰው አፈር የሚያላቅቀው እሱ ነው፣ ሌላ ፎቅ የመጨመር ሐሳብ ካላችሁም ከአሁኑ ልኩን አስልቶ መቅበር የሚቻለው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥቁሩን አፈር ጠርጎ አውጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠር በቀላቀለ የማያብጥ አፈር) መሙላት ነው። ጥቁሩ ስስ ከሆነ፣ አንድ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች፣ በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው። እየጠለቀ ሲሄድ ግን የሚወጣውም የሚገባውም አፈር በመኪና ስለሆነ ዋጋው ይንራል። ሙሌቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ አይተውም። ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በኮምፓክተር እየተጠቀጠቀ ነው የሚነሳው። ይሄ ካልተደረገ ወለሉ በኋላ ይሰምጣል፣ ሴራሚኩም አብሮ ይሰነጠቃል።

ደብረ ብርሃንና እነዋሪ ዓይነት መሬት ላይ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አዳብሎ ነው። ፉቲንጉ ጥቁሩን አልፎ ይውረድ፣ በወለሉ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ መሐንዲሱ ባለው ልክ ይነሳና ገረጋንቲ ይግባ፣ ከዚያ 25 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ተደርድሮ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፈስበት። ኮለኑ ቆሞ ወለሉ ያበጠበት ቤት በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ሰው ፉቲንጉ ላይ ብሩን አፍስሶ በወለሉ ሥር ያለውን ይረሳዋል።

ለውሃውም አስቡ። ጥቁር አፈር የሚጎዳችሁ እርጥበቱ ሲለዋወጥ ነው። ስለዚህ አሸንዳው፣ በቤቱ ዙሪያ የሚነጠፈው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ኮንክሪትና የፍሳሹ ቦይ የመሠረቱ አካል ናቸው፣ «በኋላ ይደርሳል» የሚባሉ አይደሉም። ባሕር ዛፍም ከግድግዳው አጠገብ አይሁን፣ ሥሩ በበጋ ውሃውን መጥጦ አፈሩን ያኮማትረዋል።

አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ማጀቴ በኩል ላሉ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናችሁ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርእደ መሬት ማጀቴን አውድሟል። በ2017 ዓ.ም.ም አዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እዚያ ግሬድ ቢምና ቶፕ ታይ ቢም (የግድግዳው አናት ላይ የሚታሰረውን) ቀንሱልኝ ብሎ መከራከር አይገባም። ግድግዳውን ከላይና ከታች አስሮ እንደ አንድ ሆኖ እንዲነቃነቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሂሳቡን እንዴት ትቆጣጠራላችሁ

ፉቲንግ ከመረጣችሁ ይህችን ስሌት በእጃችሁ ያዙ። 12 ጉድጓድ አለ እንበል፣ እያንዳንዱ ፉቲንግ 1.20 በ1.20 ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፣ 12ቱ ደግሞ 6 ሜትር ኩብ። ሲ 25 የሚባለው ኮንክሪት በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ 22 ኩንታል መግባት አለበት ማለት ነው፣ በባለ 50 ኪሎ ከረጢት 44 አካባቢ። ማታ ላይ 30 ባዶ ከረጢት ብቻ ካገኛችሁ የሆነ ነገር ጎድሏል። ባዶውን ከረጢት ቁጠሩ፣ ሰው ላይ ሳትጮኹ እውነቱን የምታውቁበት መንገድ ነው።

ልኩ በሳጥን ይሁን። 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልክ ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። በአካፋ «ይበቃል» እየተባለ የሚቦካ ኮንክሪት ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይሆንም። ውሃው ደግሞ ለአንድ ከረጢት ባለ 25 ሊትሩን ጀሪካን ብዙ መዝለል የለበትም። ሠራተኛ ውሃ የሚያበዛው ተንኮል ኖሮት አይደለም፣ ቀጭን ሲሆን ለማፍሰስ ስለሚቀለው ነው። ጥንካሬው ግን እዚያው ላይ ይሄዳል።

ብረቱንም መዝኑት። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 10.6 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ባለ 14 ደግሞ 14.5 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለበት። የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃችኋል። ባለ 14 ተብሎ የተሸጠላችሁ 12 ኪሎ ከመጣ አታውርዱት።

አሸዋውን በሃይላንድ ጠርሙስ ፈትኑ። ግማሹን አሸዋ፣ ከላይ ውሃ ሙሉበትና ነቅንቃችሁ እስከ ማግሥቱ አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው የጭቃ ድርብ ቀጭን ከሆነ ደኅና ነው፣ ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ከሁለቱ የሲሚንቶ ዓይነቶች ኦፒሲ ወይስ ፒፒሲ? ለፉቲንግ፣ ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል ኮንክሪት) ኦፒሲ፣ ለድንጋይ ግንብ፣ ለብሎኬትና ለልስን ፒፒሲ። ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል፣ ደጋ ላይ ይሄ ጥቅም አለው። ፒፒሲ ይዘገያል፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል። የፋብሪካው ስም ብዙ አያስጨንቃችሁ፣ የሚያሳስበው ከረጢቱ መቼ እንደተመረተና እንዴት እንደተቀመጠ ነው። የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. እዚሁ እንሳሮ ውስጥ ተመርቋል፣ ቅርብነቱ ለማጓጓዣ ይጠቅማል። ሲሚንቶ በሳንቃ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ከሦስት ወር በላይ አይቆይ። ዋጋው ይጨምራል ብላችሁ የቤት ሙሉ ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ አታከማቹ።

ድንጋይ፣ ብሎኬት ወይስ ጭቃ?

መሠረቱ ለየትኛው ግድግዳ እንደሚሸከም ማወቅ ስላለበት ይሄም አሁን ይወሰን። የድንጋይ ግድግዳ የመንዝ ሰው ያረጋገጠው ነገር ነው፣ ውርጩን የሚችል ወፍራም ግድግዳ። ዛሬ ችግሩ የጥሩ ጠራቢ ዋጋና የሚበላው ቦታ ነው፣ ትንሽ ካሬ ላይ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ አንድ ክፍል ያህል ይወስድባችኋል። ሰፊ ቦታና ቅርብ ድንጋይ ካላችሁ ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ የድንጋይ ቤት ያለው ሙቀት ሌላ ነው።

ብሎኬት ፈጣን ነው፣ ቀጥ ይላል፣ ባለሙያ አይጠፋም። ባለ 20 ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 13 ገደማ ይገባል። ሲገዛ አንዱን አንሥታችሁ ከጉልበት ከፍታ ጣሉት፣ የሚፈረካከስ ከሆነ ሻጩን ቀይሩ። ጭቃ ቤት ደግሞ አይናቅም። በደንብ የተመረገ፣ ጭዱ በቅጡ የተቦካ የጭቃ ግድግዳ ሙቀት ይይዛል፣ ቀላል ስለሆነም መሠረቱን አያስጨንቅም። ከተማችሁ የሚፈቅደው መሆኑን ጠይቁ። ቆላ ላይ ግን በምስጥ ምክንያት አልመክረውም፣ እንጨቱ በድንጋይ መሠረት ላይ ካልቆመ በቀር።

ሙሉ ኮንትራት፣ የእጅ ዋጋ ወይስ የቀን ሥራ

ሙሉ ኮንትራት ማለት ዕቃውም ጉልበቱም በኮንትራክተሩ ነው። ሥራ የማይለቃችሁ፣ ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች ትገላገላላችሁ። ግን የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየጊዜው በሚዘልበት ጊዜ ኮንትራክተሩ ወይ አስቀድሞ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ወይ መሐል ላይ ሲከብደው ጥራቱን ይቀንሳል ወይም ጥሎ ይሄዳል። ዋጋ ሲጨምር ምን እንደሚደረግ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቁ የታወቀ ነው።

የእጅ ዋጋ ላይ ዕቃውን እናንተ ትገዛላችሁ፣ ግንበኛው ጉልበቱን ብቻ ያቀርባል። በሰሜን ሸዋ ከተሞች ለመኖሪያ ቤት ብዙ ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው፣ እኔም ቦታው ላይ የሚውል ታማኝ ሰው እስካለ ድረስ የምመክረው ይሄንኑ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ብር ባጠራችሁ ጊዜ ማቆም ትችላላችሁ። የሚያጣላው «እጅ» ውስጥ ምን ምን እንዳለ አለመነጋገር ነው። የካሳው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ሳንቃና አጣና በማን ነው? ሚክሰርና ቫይብሬተር ኪራዩ? ውሃ የሚያመጣው? ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ለሰባት ቀን ውሃ የሚያጠጣው? ሲኖው ሲመጣ ጫኝና አውራጁን የሚከፍለው? እነዚህን አንድ በአንድ ጻፏቸው።

የቀን ሥራ ለጥቃቅኑ ነው፣ ለአጥር፣ ለጽዳት፣ ለሙሌት። ቤት በቀን ሂሳብ አይሠራም፣ ፍጥነቱ ከእናንተ እጅ ይወጣል።

ከማንም ጋር ብትዋዋሉ ክፍያው በደረጃ ይሁን። ቁፋሮ ሲያልቅ ይሄን ያህል፣ ፉቲንግ ሲፈስ ይሄን ያህል፣ ግሬድ ቢም ሲታሰር ይሄን ያህል። ከየክፍያው ትንሽ መያዣ ቀንሱና ሥራው ሲረከብ ስጡ። ቅድመ ክፍያ የጠየቃችሁን ሰው ክፉ ነው አትበሉት፣ ሠራተኛውን የሚቀልበው እሱ ነው፣ ግን ካልተሠራ ሥራ ፊት ብዙ አትሂዱ። «ጋሼ፣ እኔ ስንት ቤት ሠርቻለሁ መሰለዎት፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ፎርማን ይመጣል። «የኔ ወንድም፣ አንተንም እኔንም ይጠብቀናል» ብላችሁ ጻፉት፣ ምስክር አስፈርሙበት። የሠራቸውን ቤቶች ደግሞ ሄዳችሁ እዩ፣ አዲሱን ሳይሆን ሁለት ክረምት ያለፈበትን።

ሱፐርቪዥን ላይ አትሰስቱ። መሐንዲስ በየቀኑ መቅጠር ካልቻላችሁ ቢያንስ ለሦስት ቀን ክፈሉት፦ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ፣ የፉቲንጉ ብረት ታስሮ ከመፍሰሱ በፊት፣ የግሬድ ቢሙ ብረት ሲያልቅ። ከእነዚያ ቀኖች በፊት ማንም ኮንክሪት አያፍስ ብላችሁ ውሉ ላይ አስገቡ።

መቼ ይጀመር

ደጋው ላይ ሁለት ምርጫ አለ፣ ጥቅምት ወይም ጥር። ጥቅምት ላይ ዝናቡ አቁሟል፣ መሬቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ቁፋሮው ይቀላል። ግን ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው፣ የቀን ሠራተኛ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ ዋጋውም ይወጣል። ሌሊቱም ውርጭ ነው፣ ጠዋት የበርሜሉ ውሃ ላይ በረዶ የሚጋገርበት ቀን አለ። ያልጠነከረ ኮንክሪት ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ጥንካሬው ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊትና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ አታፍስሱ፣ ማታ ማታ በፕላስቲክና በጆንያ ሸፍኑት፣ ካሳውንም ቸኩላችሁ አትፍቱ።

ጥር ላይ መጀመር ሠራተኛ ያስገኛል፣ ብርዱም ይቀንሳል፣ መሬቱ ግን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከሁሉ በላይ በልጉ ይመጣል። መንዝና ደብረ ብርሃን ዙሪያ የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናብ ሊዘንብ ይችላል፣ የተከፈተ ጉድጓድ ላይ ውሃ ከተኛ የታችኛው አፈር ይላላል፣ ተመልሶ መቆፈር ይኖርበታል። እኔ የምለው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቆፍሩ፣ የኅዳር ብርድ ሳይጠነክር ፉቲንጉን አፍስሱ፣ ከበልግ በፊት ሙሌቱን ጨርሱ። ይሄ ካልተሳካ ጥር ላይ ጀምሩና ጉድጓድ ሁሉ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፣ የተቆፈረው በዚያው ሰሞን 5 ሴንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው የቀነሰ ስስ ንጣፍ) ይፍሰስበት። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻላል፣ ግንቦት ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ውሃውን ፀሐይ ስለሚነጥቀው ቀን ከሌት ማጠጣት ይፈልጋል።

መሬቱ ከመዘጋቱ በፊት ስልካችሁን አውጡና ሁሉንም ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱን ጉድጓድ ሜትር ተዘርግቶበት፣ የፉቲንጉን ብረት ከሥሩ ካለው አምስት ሴንቲ ሜትር መደገፊያ ጋር፣ ስታፋው (ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በስንት ሴንቲ ሜትር እንደታሰረ፣ የፍሳሽና የውሃ ቱቦው በየት እንዳለፈ። ፎቶው ላይ የኮለኑ ቁጥር ይታይ፣ ለአንድ ለምታምኑት ዘመድም በቴሌግራም ላኩለት፣ ስልክ ይጠፋልና። ፎቅ ልጨምር ስትሉ ወይም ቧንቧ ሲፈነዳ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።